የማን ደጋፊ ነህ?

ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ጧት አራት ኪሎ አካባቢ ካለች አንዲት ትንሽ ቡና ቤት ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩ። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን ፊት ሰው እንደ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ተኮልኩሏል። ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው ግን ኳስ ሳይሆን የአሜሪካን ካርታ ነው፤ ከፊሉ ቀይ፣ ከፊሉ ሰማያዊ። ጆርጂያ ቀይ ስትሆን በግራ በኩል የተቀመጡት አጨበጨቡ፤ በቀኝ በኩል ያሉት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። አጠገቤ የነበረው ወጣት ዘወር አለና፣

«የማን ነህ?» አለኝ።

«የማንም» አልኩት።

ከእግር እስከ ራሴ ቃኘኝ። «የማንም ያልሆነ ሰው አለ እንዴ!» ብሎ ወደ ካርታው ተመለሰ።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ወጣት የዘገየ መልሴ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ከሚወዳደሩት አንዱን «ተወዳጄ» ማለት ምን ማለት ነው? ኳስ ቢሆን ይገባኛል። አርሰናልን የሚወድ ሰው አርሰናል ምንም ውለታ የለበትም፤ ቢሸነፍ አልቅሶ፣ ቢያሸንፍ ጨፍሮ ቤቱ ይገባል። ፕሬዚዳንት ግን ብዕር የያዘ ሰው ነው። በዚያ ብዕር ጦር ይዘምታል፣ ዳኛ ይሾማል፣ ስደተኛ ይገባል ወይም ይባረራል። ብዕር የያዘን ሰው መውደድ ደግሞ እጁን ሳያዩ ፊቱን እንደማየት ነው። እኔ የምለው፣ ዕጩ ይመረጣል እንጂ አይወደድም። ይህን ስል ብዙ ሰው እንደሚቆጣኝ አውቃለሁ። በቅድሚያ የተቆጣችኝ እንዲያውም የገዛ እህቴ ናት።

ታላቅ እህቴ በዲቪ ሄዳ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ትኖራለች። አዛውንቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ትንከባከባለች። ዜግነት አግኝታ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠችው በ2008 ነው፤ ለማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። የባራክ ኦባማ ፎቶግራፍ ሳሎኗ ውስጥ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ተሰቅሎ ነበር። በዚያ ዓመት አዲስ አበባም ብትሆን ከርሷ የተሻለች አልነበረችም፤ ካናቴራውን ያልለበሰ ጎረምሳ የለም ለማለት ያስደፍር ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 2015፣ ሰውዬው በሥልጣን ላይ እያለ አዲስ አበባን የጎበኘ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኖ መጣ። ከሁለት ወር በፊት በተካሄደው ምርጫ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱን የፓርላማ ወንበሮች አንድም ሳያስቀሩ ወስደዋል። ኦባማ ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ ይህንን መንግሥት በዲሞክራሲያዊ መንገድ የተመረጠ ሲል ጠራው። እህቴ ያንን ሰምታ ፎቶግራፉን አወረደች። «ከዳን» አለችኝ በስልክ።

በጥቅምት 2020 ዶናልድ ትራምፕ የሱዳኑንና የእስራኤሉን ጠቅላይ ሚኒስትሮች በስልክ ይዞ፣ ጋዜጠኞች እየሰሙት፣ ግብፅ የዓባይን ግድብ መጨረሻው ላይ ታፈነዳዋለች የሚል ነገር ተናገረ። እህቴ በማግሥቱ ጆ ባይደንን «የኔ» አለች። ዓመት አልሞላም፤ ባይደን በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ማዕቀብ የሚፈቅድ ትእዛዝ ፈረመ፤ ከጥር 2022 ጀምሮም ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ሸቀጥ ከምታስገባበት ከአጎዋ ወጣች። እህቴ ዋሽንግተን ሰልፍ ወጣች። (እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ውሳኔው ዘገየ እንጂ ተገቢ ነው ያሉ ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። የጦርነቱን ፍርድ እዚህ አልከፍትም።) ማታ ደወለችልኝና አሁንም «ከዳኝ» አለች።

ያን ጊዜ ነው አፌን መያዝ ያቃተኝ። «እህቴ፣ የሚከዳ ወዳጅ ነው። ባይደን መቼ ወዳጅሽ ሆነና? የቀጠርሽው ሠራተኛ ነው። ሠራተኛ ቢያጠፋ ይጠየቃል፣ ይባረራል እንጂ ከዳኝ ተብሎ አይለቀስለትም» አልኳት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ሦስት ወር አልተነጋገርንም።

በርሷ ብቻ አልፈርድም፤ በሽታውን የያዛት እዚያው የሄደችበት አገር ነው። አሜሪካኖች ነገሩን በጥያቄ መልክ አስቀምጠውታል፤ «ከሁለቱ ዕጩዎች ከማንኛው ጋር ቁጭ ብለህ ቢራ ብትጠጣ ደስ ይልሃል?» ይላሉ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በጆርጅ ቡሽ ልጅዬው ዘመን ይህ ጥያቄ በሕዝብ አስተያየት መለኪያ ተጠይቆ መልሱ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። አል ጎር ደረቅ አስተማሪ ተባለ፤ ጆን ኬሪ ኩራተኛ ባለጠጋ ተባለ፤ ቡሽ ግን ጨዋታ አዋቂ ነው፣ የቢራ ጓደኛ የሚሆነው እርሱ ነው ተባለ። እንግዲህ የነገሩን ማሳረጊያ ስሙልኝ፤ ቡሽ በ1986፣ አርባ ዓመት ሲሞላው፣ መጠጥ የሚባል ነገር እርግፍ አድርጎ ትቷል! ለቢራ የታጨው ሰው ቢራ አይጠጣም።

ከዚያ በፊትም ቢሆን ያው ነው። በመስከረም 1960 ኬኔዲና ኒክሰን በቴሌቪዥን ሲከራከሩ ኒክሰን ከሆስፒታል ከወጣ ገና ብዙም አልቆየ፤ ከስቷል፣ ገርጥቷል፣ ላብ በላብ ሆኗል። ክርክሩን በሬዲዮ የሰሙት ኒክሰን አሸነፈ አሉ፣ በቴሌቪዥን ያዩት ኬኔዲ አሉ የሚለው ወሬ ማስረጃው ቀጭን ነው፤ ቢሆንም ከዚያን ቀን ወዲህ ዕጩ ሁሉ ከፖሊሲው አስቀድሞ ፊቱን ማስዋብ ተማረ። በ1972 ኤድመንድ መስኪ ኒው ሃምፕሸር ላይ በረዶ እየወረደበት ሚስቱን ስለሰደበ ጋዜጣ ሲናገር አለቀሰ ተባለ። እርሱ በረዶ ነው ቀልጦ ፊቴ ላይ የወረደው አለ። እንባ ይሁን በረዶ እስከ ዛሬ አልተለየም፤ መስኪ ግን ከዚያ ወዲያ አላገገመም። በ2004 ሃዋርድ ዲን አዮዋ ላይ ሦስተኛ በወጣበት ማታ ደጋፊዎቹን ለማበረታታት ጮኸ። አዳራሹ በጩኸት የተሞላ ነበር፤ በእጁ የያዘው ማይክሮፎን ግን የእርሱን ድምፅ ብቻ ለይቶ የሚወስድ ስለነበረ ቴሌቪዥን ላይ ብቻውን የሚያብድ ሰው መሰለ። ያ ጩኸት በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ መቶ ጊዜ ተደጋግሞ ታየ። አንድን አገረ ገዢ ማይክሮፎን አሸነፈው።

አሁን ራሴን ልክሰስ። የኔም ተወዳጅ አለኝ። እኔ ሳልወለድ የተሸነፈ ዕጩ ነው፤ ጂሚ ካርተር።

ካርተርን የወደድኩት ደስ የማይል እውነት ስለተናገረ ነው። በሐምሌ 1979 ነዳጅ ጠፍቶ አሜሪካኖች ማደያ ደጃፍ ሰልፍ ይዘው ሳለ፣ ቴሌቪዥን ላይ ወጣና ችግራችሁ ነዳጅ ብቻ አይደለም፤ ሰው በሥራው ሳይሆን በንብረቱ የሚመዘንበት አገር ሆነናል ብሎ ሰበካቸው። መጀመሪያ ላይ ሕዝቡ ወደደለት። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ግን የካቢኔ አባላቱን በሙሉ መልቀቂያ አስገቡ ብሎ አምስቱን ሲያሰናብት አገሩ ደነገጠ። በዚያው ወቅት ፖል ቮልከርን የማዕከላዊ ባንኩ ሊቀ መንበር አድርጎ ሾመ። ቮልከር የዋጋ ንረቱን አንገት ለማነቅ የብድር ወለድ ሰማይ አደረሰ፤ ሥራ አጡ በዛ። ካርተር የምርጫውን ዓመት የተቀበለው እንዲህ ሆኖ ነው። በዚያ ላይ ቴህራን ላይ የታገቱት 52 አሜሪካውያን ነበሩ። ሮናልድ ሬጋን 489 ለ49 አሸነፈው። ታጋቾቹ የተለቀቁት በ444ኛው ቀን፣ ሬጋን ቃለ መሐላ በፈጸመ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። የዋጋ ንረቱም በሬጋን ዘመን ወረደና ምስጋናውን ሬጋን ወሰደው። መራራውን መድኃኒት ያዘዘው ተባረረ፤ በሽተኛው ሲሽለው ደርሶ ትራስ ያስተካከለው ተወደደ።

ይህንን ሁሉ አንድ ቀን ለአጎቴ በስሜት አስረዳኋቸው። አጎቴ የኦጋዴን ዘማች ናቸው። እስክጨርስ በጽሞና አዳመጡኝና፣

«ካርተር ደግ ሰው ነው አልክ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«በ69 ዓ.ም. ገንዘብ የከፈልንበትን መሣሪያ የከለከለን እሱ አይደለም እንዴ? በል ደግነቱን ሂድና ለጅጅጋ ንገራት!»

መልስ አጣሁ። እውነታቸውን ነው። በየካቲት 1977 የካርተር መንግሥት ከአርጀንቲናና ከኡራጓይ ጋር ለኢትዮጵያም የሚሰጠውን ወታደራዊ ዕርዳታ በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ቀነሰ። በሚያዝያ ደርግ አስመራ ያለውን የቃኘው ጣቢያ ዘግቶ አሜሪካኖቹን አስወጣ፤ በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ገባ። አጎቴና ጓዶቻቸው በጎደለ ጥይት ነው የጠበቁት። ይሁን እንጂ የአጎቴ ታናሽ ወንድም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው፣ በቀይ ሽብር ተገድሎ ሬሳው መንገድ ላይ የተጣለ ነው። ካርተር መሣሪያ የከለከለው ያንን ልጅ ለገደሉት ነው። ለአጎቴም ከለከለ። ብዕሩ አንድ፣ ፊርማው አንድ፤ አንዱን ወንድም ከሌላው ለይቶ መከልከል አልቻለም። በመጋቢት 1980 ደግሞ ያው ብዕር የስደተኞችን ሕግ ፈረመ፤ ከደርግ ሸሽተው ሱዳን ከገቡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ አሜሪካን የረገጡት በዚያ ሕግ ነው።

እንግዲህ አጎቴ ካርተርን ይጥሉት ወይስ ይውደዱት? ጥያቄው ራሱ ሞኝ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ካርተር ከሥልጣን ከወረደ በኋላ በ1989 የደርግን መንግሥትና ሻዕቢያን አትላንታና ናይሮቢ ላይ ለማስታረቅ ደከመ፤ አልሆነለትም። ያቋቋመው ማዕከል በ1986 ሦስት ሚሊዮን ተኩል ሰው ይይዝ ነበር የተባለውን የጊኒ ዎርም በሽታ ከሌሎች ጋር ታግሎ በ2024 በመላው ዓለም ወደ አሥራ አምስት ሰው አወረደው፤ ጎንደርና ወሎ ደግሞ ትራኮማ የሰውን ዓይን እንዳያጠፋ ሲሠራ ኖሯል። በታኅሣሥ 2024 መቶ ዓመት ሞልቶት ሲሞት አሜሪካ በሙሉ አለቀሰ። ያ ሁሉ ለቀስተኛ በ1980 የት ነበር? ቅር ቅር አይበለኝና፣ እንዲያውም ለቀስተኛው ልክ ነበረ ማለት ይቻላል፤ ደግ ሰው መሆን አንድ ነገር ነው፣ ጥሩ ፕሬዚዳንት መሆን ሌላ ነገር። እኔ ነኝ ሁለቱን ያምታታሁት። እህቴን በሰደብኩበት አፌ።

ዋልተር ሞንዴልንም ላንሳው። በ1984 የፓርቲው ጉባኤ ላይ ቆሞ ሬጋንም ግብር ይጨምራል፣ እኔም እጨምራለሁ፤ ልዩነቱ እሱ አይነግራችሁም፣ እኔ ነገርኳችሁ አለ። ከሃምሳው ግዛት አንዷን፣ የትውልድ ግዛቱን ሚኔሶታን፣ ብቻ አገኘ። ሬጋን ግን በ1982 ግብር የሚጨምር ሕግ አስቀድሞ ፈርሟል። ከርሱ ቀጥሎ የመጣው ጆርጅ ቡሽ አባትዬው አዲስ ግብር የለም፣ ከንፈሬን አንብቡ ብሎ ተመረጠና በ1990 ግብር ለመጨመር ተስማማ፤ በ1992 ከ100 ድምፅ 37 ብቻ አግኝቶ ወደቀ። ይኸው ቡሽ በዚያው በ1990፣ በኅዳር ወር፣ የኢሚግሬሽን ሕግ ፈረመ። ዲቪን ያቋቋመው ያ ሕግ ነው። እህቴን ሲልቨር ስፕሪንግ ያስቀመጣት የርሱ ፊርማ መሆኑ ነው። በአዲስ አበባ ዲቪ ያልሞላ ማን አለ? ታዲያ የአባት ቡሽን ካናቴራ ለብሶ ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ!

«እሺ፣ እንግዲያስ በምን እንምረጥ?» የሚለኝ እንዳለ ይሰማኛል። ፖሊሲውን አንብቡ የምል ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ፖሊሲም ይከዳል። ልጅ ቡሽ በ2000 የተመረጠው በውጭ አገር ትሑት እንሁን፣ ሠራዊታችን የሰው አገር የሚገነባ አይደለም እያለ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ አፍጋኒስታንም ኢራቅም ገባ። መስከረም 11 ይመጣል ብሎ በ2000 የጠየቀው ማንም አልነበረም። ስለዚህ እኔ ብሆን ከዕጩው ፊት ይልቅ አብሮት የሚገባውን ሰው አይ ነበር። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ወደ 4,000 የሚጠጉ ሹመቶች በእጁ ናቸው። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሚሾመው ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው፤ ትራምፕ በመጀመሪያ ዘመኑ ሦስት ሾመ፣ በሰኔ 2022 የውርጃ መብት ሕገ መንግሥታዊ ዋስትናውን ሲያጣ ሦስቱም ከወሳኞቹ መካከል ነበሩ። ካርተር በአራት ዓመት ውስጥ አንድም የመሾም ዕድል አላገኘም። ይህ ሁሉ በቢራ ጥያቄ ውስጥ የት አለ?

ሁለተኛውንም ስም ያየ ስንቱ ነው? በ1944 ፍራንክሊን ሩዝቬልትን የመረጡት አሜሪካኖች ሃሪ ትሩማንን መምረጣቸውን ልብ ያሉት አይመስለኝም። ትሩማን ምክትል ሆኖ 82 ቀን ብቻ ቆየ፤ ከዚያ ፕሬዚዳንት ሆነ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ አቶሚክ ቦምቡ በወጉ የነገረው አልነበረም። አራት ወር ሳይሞላው ሂሮሺማ ላይ ተጣለ። ምክትል ሆነው በፕሬዚዳንቱ ሞት ወይም መልቀቅ ወንበሩን የወረሱት ዘጠኝ ናቸው፤ የሁለተኛው ስም ጉዳይ እንግዲህ ተረት አይደለም።

የፍቅሩ ሌላው ጉድ ደግሞ ፍቅሩ አለመቆጠሩ ነው። የእህቴ ሜሪላንድ ከ1988 ወዲህ አንድም ጊዜ ሪፐብሊካን አልመረጠችም። እህቴ ወደደችም ጠላችም የግዛቷ አሥር ወኪል መራጮች ለማን እንደሚሄዱ አስቀድሞ ይታወቃል። ሂላሪ ክሊንተን በ2016 ከትራምፕ ወደ 2.9 ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅ በልጣ ተሸነፈች። በ2020 ምርጫውን የወሰነው አሪዞና፣ ጆርጂያና ዊስኮንሲን ላይ ያለው 43,000 የማይሞላ የድምፅ ልዩነት ነው። በ2024 ደግሞ የሜሪላንድ ቅድመ ምርጫ በግንቦት ሲደርስ ሁለቱ ዕጩዎች ከመጋቢት ጀምሮ ተለይተው አልቀዋል። እህቴ ባይደንን እያጉረመረመች መረጠች። በሐምሌ ባይደን ራሱን አገለለና ካማላ ሃሪስ ለፕሬዚዳንትነት አንድም ቅድመ ምርጫ ሳታሸንፍ ዕጩ ሆነች። እንግዲህ «ተወዳጄን መረጥኩ» የሚለው ሰው የትኛውን ነው የሚለው?

ያን ጧት ከቡና ቤቱ ወጥቼ ለእህቴ ደወልኩ። እዚያ ከእኩለ ሌሊት አልፏል፤ እርሷም አልተኛችም። ከታረቅን ቆይተናል።

«ማንን መረጥሽ?» አልኳት።

«አልነግርህም።»

«ኧረ ባክሽ!»

«አልነግርህም አልኩህ። አንተው አይደለህ ሠራተኛ ነው ያልከኝ? የሠራተኛ ወሬ ምን ይሠራልሃል?» አለችና ሳቀች። ቀጥላም፣ ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ከፕሬዚዳንቱ ይልቅ ጊዜ የወሰደባት ሌላ ነገር እንደሆነ ነገረችኝ። የምትኖርበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ አስተዳዳሪ ሦስት ጊዜ በተከታታይ መመረጥ ይችል የነበረው ሁለት ጊዜ ብቻ ይሁን የሚል ጥያቄ ቀርቦ ኖሯል።

«ምን አልሽ?»

«መጀመሪያ በትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ሁለት ጊዜ አነበብኩት» አለችኝ። «እንዲህ ያለ ነገር ጠይቀውኝ አያውቁማ።»